ወርቁን ወስዶ ብረቱን የተወ ሌባ

ሟቹ በግራ ጎናቸው ተጋድመዋል። የሰዓት ሠሪ አጉሊ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ እንደታሰረ ነው። ከበላያቸው፣ ከሥራ ጠረጴዛው ጫፍ ጋር በብሎን የተያዘች ትንሽ ሞርሳ አለች፤ ጠርዟ ላይ ደምና ሽበት ይታያል። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆየና፣ «ተገፍተው ወደ ኋላ የወደቁ ይመስለኛል። ፀሐይ ስትጠልቅ አካባቢ ይሆናል» አለኝ።

ክፍሏ ጠባብ ናት። አንዱ በሯ ወደ መንገድ፣ ሌላው ወደ ግቢ ይከፈታል። ግድግዳውን ተደግፎ የነበረው የመስታወት ቁምሳጥን ተገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ወድቋል። መስታወቱ ደቅቆ ያልደረሰበት ቦታ የለም፤ ጠረጴዛውም፣ ወንበሩም፣ የሟቹ ትከሻም ብልጭ ብልጭ ይላል። መሳቢያዎቹ ተጎትተው ወጥተዋል። የደንበኞች የወርቅ ሰዓቶች ከቦታቸው የሉም።

«ዝርፊያ ነው፣ አለቃ» አለ ሳጅኑ። ሳጅኑ ጎበዝ ልጅ ነው፤ አንድ ችግር ብቻ አለበት፣ አፉ ከዓይኑ ይቀድማል።

«ይኸስ ታዲያ?» አልኩት።

ጠረጴዛው መሃል፣ አረንጓዴ ምንጣፍ ላይ፣ ተፈቶ የወጣ የሰዓት ማሽን ተቀምጧል። ላዩ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ቆብ ተደፍቶበታል፤ ሰዓት ሠሪዎች የተከፈተ ማሽን አቧራ እንዳይገባበት የሚከድኑበት ነው። ከአጠገቡ የሰዓቱ ቀፎ ከነማሰሪያው ተዘርግቷል። ከበድ ያለ፣ ጥጎቹ የተድበለበሉ፣ አራት ማዕዘን የብረት ሰዓት ነው። የጀርባ ክዳኑ ግን የለም። ከጠረጴዛው ሥር ፈለግን፣ መስታወቱን ጠርገን ፈለግን፣ የሟቹን ኪስ ሳይቀር አየን። አልተገኘም።

«የተበታተነ ብረት ማን ይፈልጋል? ወርቁ እያለለት» አለ ሳጅኑ።

ነገሩ ልክ ይመስላል። እኔም አልተከራከርኩትም። ፎቶ አንሺውን ግን፣ «ቆቡን ሳትነካ ከቅርብ አንሳልኝ» አልኩት። 

ሰፈሩ ሟቹን ጋሽ አጉሊ ነበር የሚላቸው። አስከሬኑን ያገኘችው አንድያ ልጃቸው ናት። ፋርማሲስት ናት፤ ከሥራ ስትመለስ በግቢው በር ገብታ፣ አባቷን ለራት ልትጠራ ስትሄድ ነው ያየችው። ግቢው ውስጥ ካለው ቤቷ ሳሎን ውስጥ አገኘኋት። እያለቀሰች አይደለም፤ ነገሩ ገና አልገባትም። ከጎኗ ፀጉራቸው ነጭ ብሎ የተበጠረ፣ ኮታቸው ልክ የሆነ ሽማግሌ ተቀምጠው እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳርፈዋል።

«ጋሼ የአባዬ ጓደኛ ናቸው» አለችኝ። «ስደውልላቸው ንግግር ከሚያደርጉበት አዳራሽ ነው ተነሥተው የመጡት። ያሳደጉኝ ያህል ናቸው።»

ሽማግሌውን አወቅኋቸው። ጋዜጣ ላይ ሳይቀር ይወጣሉ። የሰዓት ነጋዴው ሁሉ ፕሮፌሰሩ ይላቸዋል፤ ዩኒቨርሲቲ በደጁ እንኳ አልፈው አያውቁም፣ ግን ስለ አንድ የስዊስ ሰዓት ሲናገሩ አዳራሽ ይሞላል።

«አባትሽ ከማን ጋር ተጣልተው ያውቃሉ?» አልኳት።

መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደ ሽማግሌው አየች።

«ለመርማሪዋ ንገሪያት ልጄ» አሏት ቀስ ብለው። «የሚያስጨንቅሽን በሆድሽ ይዘሽ አትኑሪ።»

«ባለቤቴ…» አለች። «ጠዋት ከአባዬ ጋር ተጨቃጭቀው ነበር። በመንገድ በኩል ያለችውን ክፍል ለጋራዡ ቢሮ ይፈልጋታል። ዓይንዎ ደክሟል፣ ሥራ ይብቃዎት፣ አለው። አባዬ ደግሞ፣ ስሞት ትወስዳታለህ አለው።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ያን ቀን ያቅርብልኝ አለ።» እጆቿን አፏ ላይ አደረገች። «በንዴት ነው። ንዴቱ ቶሎ ይበርድለታል። እኔ እንዲህ ማለቴ አይደለም…»

ሳጅኑ ጽፎ ጨርሷል። ሽማግሌው ትከሻዋን ዳበስ አደረጉላት።

*

ባልየው መካኒክ ነው። ጋራዡ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከቤቱ ጎን ነው። እጁን ታጥቦ እንኳ አልመጣም፤ ጥፍሩ ሥር የገባው ዘይት ጠረጴዛዬ ላይ አሻራ እየተወ ነበር።

«ፀሐይ ስትጠልቅ የት ነበርክ?»

«የደንበኛ መኪና እየሞከርኩ ነበር። ፍሬኑን ቀይሬለት ዳገቱን ወጥቼ ወረድኩ።»

«ማን አየህ?»

«መኪናው።»

ሳጅኑ ሊስቅ ብሎ እኔን አይቶ ተወው።

«አማትህ ጠረጴዛ ላይ ያለውን የብረት ሰዓት ታውቀዋለህ?»

«እሱን ቆርቆሮ? የፕሮፌሰሩ ነው። ለኤግዚቢሽን ሊያሳዩት ነው፣ አጽዳልኝ ብለው ሰጧቸው። ዋጋው ከዚያ ከምሞክረው መኪና ይበልጣል ሲሉኝ ሳቅሁ፤ ጋሽ አጉሊ ተቀየሙኝ። እኔ ሰዓት ስልኬ ላይ አለልኝ።»

«ወርቆቹንስ?»

«ወርቅማ ወርቅ ነው። ማንም ያውቀዋል።»

እዚህ ላይ በራሱ እግር ወጥመዱ ውስጥ ገባ። ወርቁን ወስዶ ብረቱን የሚተው ሌባ፣ የብረቱን ዋጋ የማያምን ሌባ ነው። ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ሰው ደግሞ ይኸንኑ በገዛ አፉ ነገረኝ።

«ያን ቀን ያቅርብልኝ ብለሃቸዋል?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ይህን ማን ነገራችሁ? ቤት ውስጥ ሦስት ሆነን ነበርን። አንዳችን ሞተዋል።»

ዓይኔን ወደ መዝገቡ አወረድኩ።

«ገባኝ» አለ።

ከዚያ በኋላ ለጥያቄዎቼ የሰጠኝ መልስ ሁሉ አዎና አይደለም ብቻ ሆነ። አሰርነው። ሲወጣ ትከሻው ወድቆ ነበር፤ የከበደው ከእስሩ ይልቅ የነገረችው ሚስቱ መሆኗ እንደሆነ ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም።

*

ፕሮፌሰሩን ቤታቸው ሄጄ አነጋገርኳቸው። የሳሎናቸው ግድግዳ በክፈፍ በተሰቀሉ የድሮ ማስታወቂያዎች ተሞልቷል። ሁሉም ላይ ያው አንድ ሰዓት ነው።

«ልጄ፣ ይህ ሰዓት ከኪሳራ ነው የተወለደው» አሉኝ፤ ጥያቄ እስክጠይቅ አልጠበቁም። «የስዊሱ ፋብሪካ ስስ የወርቅ ሰዓት ነበር የሚሠራው። ከዚያ የባትሪ ሰዓት መጣ። ርካሽ ነው፣ ደግሞም ልክ ነው። ፋብሪካው ሊዘጋ ሲል አንድ ንድፍ አውጪ ጠሩ። ሰውየው በተራራ ላይ በገመድ በሚሳብ የኬብል መኪና ወደ ቤቱ ሲወጣ ዓይኑ መስኮቱ ላይ አረፈ። ጥጎቹ የተድበለበሉ፣ ዙሪያውን በብረት ክፈፍ የታሰረ መስኮት። እሱን ሳለው። ለዚህ ነው ሰብሳቢው ሁሉ መስኮት የሚለው።»

«ለምን በብረት?»

ፈገግ አሉ። «ድፍረቱ እሱ ነው። ብረት ሠርተው ከወርቅ በላይ ጠየቁበት። ሰው ሳቀባቸው። አየሽ፣ ወርቅ ይታዘዛል፤ ብረት ግን ይከራከራል።» የእጃቸውን ሰዓት ፈተው ሰጡኝ፤ የዚያው ዘር ነው፣ ኋላ የወጣ። «ደብዛዛው ገጽና የሚያበራው ጠርዝ የሚገናኙበትን መስመር እዪው። በእጅ ነው የሚወጣው። አንድ የማያውቅ ሰው ካሻሸው አለቀለት፣ አይመለስም። ማሰሪያውም ከቀፎው ጋር አብሮ የተወለደ ነው፣ ሌላ አይቀበልም። የመጀመሪያዎቹ ደግሞ ፊታቸው ሰማያዊ ነበር። ቀለሙ ፀሐይ አልቻለም፣ ቡኒ ሆነ። ፋብሪካው አፍሮ ቀየረው። ዛሬ ሰው የሚሻማው ያንን የተበላሸውን ነው፤ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልማ።»

እኔ ሰዓት አላስርም። ግን እውነቱን ልናገር፣ ያ ብረት መዳፌ ላይ ሲያርፍ ምራቄን ዋጥኩ። ሙቅ ነው፣ ከባድ ነው፣ ጠርዞቹ ይነካሉ እንጂ አይቆርጡም። ስመልስላቸው እጄ ቀለለኝ።

«ጋሽ አጉሊ ዘንድ የነበረው የመጀመሪያው ዓይነት ነው?»

«ነው። ከመጀመሪያ ባለቤቱ እጅ፣ ከውጭ አገር የገዛሁት። አንድም ጊዜ ተከፍቶ አያውቅም። ክዳኑን የነካ ሰዓት ሠሪ የለም። ለኤግዚቢሽኑ ዘይቱን ብቻ እንዲያድስልኝ ለእሱ ሰጠሁት። ሌላ ሰው አላምንም ነበር።»  እንባቸው ወረደ፤ መሐረብ አውጥተው ሲያብሱ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«የጋሽ አጉሊን ስልክ አይተናል፤ ያን ዕለት ደውለውልዎት ነበር።»

«ደወለ። ሥራው እያለቀ ነው፣ ደስ ይበልህ፣ አለኝ። ከዚያ ወደ አዳራሽ ገባሁ። ንግግሬን የሰማ ሁሉ ምስክሬ ነው።»

ሳጅኑ ያንኑ ቀን አጣራ። አዳራሹ ከጋሽ አጉሊ ቤት ሁለት መንገድ ማዶ ነው። የተሰበሰበው ሰው በሙሉ፣ ፕሮፌሰሩ ሲጀምሩም ሲጨርሱም እዚያው ነበሩ አለ።

*

ከቀብሩ ማግስት ሳጅኑ እየሮጠ መጣ። «አገኘናቸው፣ አለቃ። ጋራዡ ውስጥ።»

ስደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማለች። ፕሮፌሰሩ ጥቁር ልብስ ለብሰው ክንዷን ይዘዋታል። ከቀብሩ ወዲህ ከቤቷ አልወጡም፤ እንግዳ የሚቀበሉት እሳቸው ናቸው፣ ትንሹን ልጇን የሚያጫውቱት እሳቸው ናቸው።

ሰዓቶቹ የተገኙት ከአሮጌ ጎማዎች ክምር ውስጥ፣ ካርቶን ውስጥ ነው። ልጅቷ ካርቶኑን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

«እኔ ነኝ የነገርኳችሁ» አለች። «ያልኩት ነገር ባይኖር ጋራዡን ትፈትሹ ነበር?»

«እንፈትሽ ነበር።»

«እንግዲያው እውነት ነው ማለት ነው?» ድምፅዋ ምንም ቁጣ አልነበረበትም። «አባቴን ገደለና፣ መጥቶ ከጎኔ ቆሞ፣ ማነው ያደረገው እያለ ጮኸ ማለት ነው? ንገሩኝ። ልጄ አባባ የት ሄደ ሲለኝ ስለየትኛው እንደሆነ እንኳ አላውቅም።»

  ካርቶኑን ይዤ ወደ ጋራዡ ውስጥ ገባሁ።

«አለቀ» አለ ሳጅኑ። «እጅ ከፍንጅ ነው።»

«ሳጅን፣ ዙሪያህን እይ። ይህ ሰው መፍቻ የት ነው የሚያስቀምጠው?»

አየ። መፍቻዎቹ መሬት ላይ፣ ወንበር ላይ፣ ባትሪ ላይ ተጥለዋል። አንዱ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ቆሟል።

«የትም ነው የሚጥለው» አለ።

«አሁን ይህን እይ።»

ካርቶኑን ከፈትኩለት። እያንዳንዱ ሰዓት ለብቻው በስስ ነጭ ወረቀት ተጠቅልሏል። ማሰሪያው ማሰሪያውን እንዳይጭር፣ መስታወት ከመስታወት እንዳይነካካ፣ ሁሉም ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ተደርድሯል። ቆሻሻ ጎማ ውስጥ ለሚጣል ዕቃ ይህን ያህል መጨነቅ ምን ይሉታል? ሳጅኑ አፉን ከፍቶ ዘጋው። ይህ ከእሱ ትልቅ ነገር ነው።

ሰዓቶቹን የመረመረው የላቦራቶሪ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ጨመረልኝ። የከፈታቸው ሁሉ የጀርባ ክዳናቸው ውስጥ፣ በመርፌ የተጫረች ትንሽ መንጠቆ የምትመስል ምልክት አለች። ልጅቷን ጠራሁና አሳየኋት።

«የአባዬ ናት» አለች። «ሰዓት ሠሪ የከፈተው ክዳን ውስጥ የራሱን ምልክት ይጭራል። ሌላ ጊዜ ሲመጣለት፣ ይኼን እኔ ነኝ የሠራሁት ብሎ እንዲያውቅ። ሁሉም የየራሱ አለው።»

«አባትሽ ሁልጊዜ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የሠሩት?»

«አይ። ድሮ ከጋሼ ጋር ዋናው መንገድ ላይ ሱቅ ነበራቸው። እኔ ትንሽ ሆኜ የአንድ ሐኪም ሰዓት ከሱቁ ጠፋ። አባዬ ደጋግሞ ያደሰው ሰዓት ነው፣ የተረከበውም እሱ ነበር። ሌባ ተባለ። ማንም አልከሰሰውም፣ ግን ደንበኛ ሸሸው። ትምህርት ቤት የሌባ ልጅ ነበር የሚሉኝ።»

«የጠፋው ምን ዓይነት ሰዓት ነበር?»

«መስኮት ነው ይል ነበር አባዬ። ከዚያ በኋላ ስሙን መጥራት አይወድም።»

*

ቢሮዬ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ፎቶዎቹን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋኋቸው። ያ ከቅርብ የተነሣው ፎቶ ላይ ስደርስ አጉልቼ አየሁት።

ከቆቡ ሥር፣ አረንጓዴው ምንጣፍ ላይ፣ የመስታወት ድቃቂ አለ። መስታወቱ ቆቡ ላይ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ከላይ እንጂ ከሥር አይገኝም። ቆቡ የተደፋው ቁምሳጥኑ ከተሰበረ በኋላ ነው። ሌላም ነገር አለ። ምንጣፉ ላይ ድቃቂ ሞልቶ፣ መሃሉ ላይ ያለው ማሽን ግን ንጹሕ ነው። የሆነ ሰው ሰዓት ሠሪዎች በእጅ በሚጨምቁት የጎማ መንፊያ ነፋ ነፋ አድርጎ አጽድቶታል፣ ከዚያ ከድኖታል። ሬሳው እግሩ ሥር እያለ።

ወዲያው የንግግሩን አዘጋጅ ጠራሁት። ቀጭን፣ ትህትና የሚያበዛ ሰው ነው።

«ፕሮፌሰሩ ንግግራቸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሳቸው ናቸው ያቀረቡት?»

«ራሳቸው ናቸው። መሃል ላይ ብቻ የፋብሪካውን ፊልም አሳየን።»

«መብራት ጠፍቶ?»

«እንዴታ። ፊልም ነው እኮ።»

«በፊልሙ ጊዜ ይናገሩ ነበር?»

አሰብ አደረገ። «ሌላ ጊዜ የፊልሙን ድምፅ ያስዘጉና ራሳቸው ናቸው የሚያስረዱት። ማንም እንዲናገርላቸው አይፈልጉም። ያን ቀን ግን ጉሮሮዬን ይዞኛል ብለው ፊልሙ ራሱ እንዲናገር ተዉት። መብራት ሲበራ መድረኩ ላይ ነበሩ።» ቆም አለና፣ «ላብ አልቧቸው ነበር። አዳራሹ ይሞቃል» አለ።

ሳጅኑን፣ «ለፕሮፌሰሩ ደውልላቸው። ሰዓታቸውን መጥተው ይውሰዱ በላቸው» አልኩት።

*

መጡ። ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት ነው፤ ፊታቸው ላይ ሐዘንና ችኮላ ተደባልቀዋል። ሳጅኑ ከበሩ አጠገብ ቆመ። ቀፎውንና ማሽኑን በሳህን ላይ አድርጌ ጠረጴዛዬ መሃል አስቀመጥኩ። ቆቡን አላመጣሁም። መስኮቱን ሆን ብዬ ከፍቼዋለሁ፤ ከውጭ መንገድ እየተቆፈረ ነው፣ አቧራው እንደ ጭስ ይገባል።

«ይቀመጡ» አልኳቸው።

አልተቀመጡም። ዓይናቸው ሳህኑ ላይ ነው። «መስኮቱ…» አሉ።

«ይሞቃል ብዬ ነው። የጀርባ ክዳኑ እንዳልተገኘ ያውቃሉ?»

«ሌባው ጥሎት ይሆናል።» አሁንም አያዩኝም። ተራምደው ሄዱና መስኮቱን ዘጉት። ተመልሰው ጠረጴዛዬን ቃኙ፤ ከውኃ ጆጉ አጠገብ የተደፋውን ንጹሕ ብርጭቆ አነሡ፣ ወደ ብርሃን አድርገው አዩት፣ በመሐረባቸው ውስጡን አበሱት፣ ማሽኑ ላይ ደፉት። ከዚያ ተነፈሱ። ይህን ሁሉ ያደረጉት ሳያስቡት ነው። ልክ ሰው ዝንብ እንደሚከለክል።

ፎቶውን ከብርጭቆው ጎን አስቀመጥኩላቸው።

አዩት። እጃቸው ብርጭቆው ላይ እንዳለ ቀረ።

«መካኒክ ቢሆን ኖሮ አይከድነውም ነበር» አልኳቸው። «ዘራፊ ቢሆን አይከድነውም። እኔም ብሆን አልከድነውም። ሰዓቶቹንም እንደ እንቁላል ለየብቻቸው አልጠቀልላቸውም። ለልቅሶ ሲመጡ ጋራዡ ውስጥ የደበቋቸው እርስዎ ነዎት። ጋሽ አጉሊ ያን ዕለት የደወሉልዎ ሥራው አለቀ ለማለት አይደለም። ክዳኑን ከፈቱና የገዛ ራሳቸውን መንጠቆ አገኙ። ማንም ከፍቶት አያውቅም ያሉትን ሰዓት፣ ድሮ እሳቸው ራሳቸው ደጋግመው ከፍተውታል። ሌባ የተባሉበትን ሰዓት።»

«ዓይኑ ደክሟል፣ መንጠቆዋን አያያትም ብዬ ነበር የሰጠሁት። ይቅር ይለኛል ብዬ ነበር የሄድኩት» አሉ። ድምፃቸው የአዳራሹ ድምፅ አይደለም። «ልጄ ትስማ አለ። ሰው ሁሉ ይስማ አለ። ክዳኑን እጁ ላይ ይዞታል። ስጠኝ አልኩት። ስቀማው ገፋሁት። ቁምሳጥኑን ይዞ ወደቀ። መግፋት ብቻ ነው ያደረግኩት።»

«ሐኪሙ ወዲያው አልሞቱም ይላል።»

ብርጭቆውን በጣታቸው አስተካከሉ።

«እየተነፈሱ ነበር። ሰው ቢጠሩላቸው ይተርፉ ነበር ወይ አላውቅም፣ እሱን ማንም አያውቅም። እርስዎ ግን ያን ጊዜ ምን ያደርጉ ነበር?»

«መስታወት ገብቶበት ነበር» አሉኝ። «ማሽኑ ውስጥ። አንዲት ቅንጣት ጥርሱ መሃል ከገባች…»

ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ምን እንደተናገሩ የሰሙት ያን ጊዜ ይመስለኛል። ሳጅኑ በጉሮሮው አንድ ድምፅ አሰማ። እኔ በሥራዬ ብዙ ገዳይ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ተናድጄ አላውቅም። ለብረት የሳሳው እጅ ለሰው አልሳሳም፤ ከዚያ አልፎ ያው እጅ ሄዶ የልጅቷን ትከሻ ዳበሰ።

«ክዳኑን ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ጥዬዋለሁ።»

«አልጣሉትም። ጥለውት ቢሆን ኖሮ እኔም የያዝኩት አንድ ፎቶና ያላበው ፊት ብቻ ይሆን ነበር። ወይም ምልክቷን ፍቀው ቢያጠፏት። ግን ኦርጅናል ነው። ቁጥሩ ከቀፎው ጋር አንድ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ላይ እጅዎ አይጨክንም።»

ወደ በሩ አዩ፣ ሳጅኑን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኮታቸው የውስጥ ኪስ ሰደዱ። ሳጅኑ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ። ያወጡት በስስ ነጭ ወረቀት የተጠቀለለ፣ ክብ፣ ቀጭን ነገር ነው። ሳህኑ ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጡት። ወረቀቱን ፈታሁ። ውስጡ፣ ከሌሎች ጭረቶች መሃል፣ መንጠቆዋ አለች።

«ልፍቃት ብዬ ተቀምጬ ነበር» አሉ። «አልቻልኩም።»

*

ልጅቷን ራሴ ነው የነገርኳት። ለሳጅኑ መተው እችል ነበር፣ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ለሌላ ሰው ማሸከም ደግ አይደለም። በጣቢያው በር ላይ ቆማ ሰማችኝ። አባቷ ሌባ እንዳልነበሩ ነገርኳት። ሌባውም ገዳዩም ማን እንደነበረ ነገርኳት። ስለ መጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አልነገርኳትም፤ ልትሰማ የምትፈልግበት ቀን ከመጣ ትጠይቀኛለች።

«ትናንት ልጄን እሱ ነው ያስተኛው» አለች። «ስለ አባዬ እያወራ አልቅሶ ነበር። ከልቡ ነበር የሚያለቅሰው?»

«ከልባቸው ይመስለኛል።»

«ባይሆን ይሻለኝ ነበር» አለች።

በሩ ተከፈተና ባሏ ወጣ። ጺሙ አድጓል። ቀበቶውን በእጁ ይዟል፣ ገና አልታጠቀውም። ሲያያት ባለበት ቆመ። እኔ ገለል ልል ብዬ ነበር፣ ግን መሃላቸው ነበርኩና ብንቀሳቀስ የባሰ መሰለኝ።

«አንቺ ነሽ የነገርሻቸው?» አላት።

«እኔ ነኝ።»

«ገድሎታል ብለሽ ነው?»

ዋሺ አልኳት በሆዴ። ጠይቀውኝ ነው፣ ግራ ገብቶኝ ነው፣ በይው። ሕግ አስከባሪ ነኝ፤ ግን በዚያች ሰዓት ውሸት ብትናገር እመርቃት ነበር።

«መጀመሪያ አይደለም» አለች። «ሰዓቶቹ ጋራዡ ውስጥ ሲገኙ ግን፣ አዎ። አምኜ ነበር።»

ቀበቶውን ጠቀለለው፣ መልሶ ፈታው። ዓይኑ ቀልቷል፤ የቁጣ ይሁን የእንቅልፍ ማጣት አይለይም።

«ለቀብሩ አላስወጡኝም» አለ በመጨረሻ። «ማን ነው አፈር ያለበሳቸው? እኔ ነበርኩ ማድረግ ያለብኝ።»

«ጋሼ» አለች፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።  ልትነካው እጇን ዘረጋችና ሳትደርስ መለሰችው።

«ወደ ቤት አልሄድም» አላት፤ ፊቱን ሳያዞር። «መጀመሪያ እዚያ ውሰጂኝ። የተኙበትን አላውቀውም።»

ቀድማው ወጣች። ጎን ለጎን አልሄዱም። መንገዱን የምታውቀው እሷ ነበረችና ከኋላዋ ተከተላት፤ ጥጉ ጋ ስትደርስ ቆማ ጠበቀችው።